በኦፕራሲዮን የወለደች እህቴ ስፌቷ ፈሳሽ እያወጣ ነው፣ ምን ይቀባ? አስቸኳይ!!

የቱሉዲምቱዋ፦
ሰላም ናችሁ፣ በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እህቴ በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው፣ ነገ ሁለት ሳምንቷ ነው። ስፌቱ ጠግጎ ጥሩ ሆኖ ነበር፣ እንደውም የጠባሳ ቅባት ገዝቼላት ልንጀምር ስንል ዛሬ ከሰዓት ልብሷ ረጥቦ አየን፣ ገልጠን ስናይ በቀኝ በኩል ጫፉ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ተከፍታለች፣ ውሃ የመሰለ ቢጫ ነገር ይወጣታል። አማቷ የተወቀጠ ቡና ነስንሱበት እያሉ ነው፣ ቡናው ተወቅጦ በስኒ ቀርቧል። እኔ ደግሞ ቅባቱን ልቀባው ወይስ በአልኮል ልጥረገው? ፕሊስ የምታውቁ

አባ መላ፦
ቡናውን አፍልታችሁ ለአማትየው አቅርቡላቸው፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል ቁስሉም ይተርፋል ሃሃሃ። አይዞሽ እህቴ፣ ግን ከምር ቡና እንዳታስነኪው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ቡና ምን አለበት? እኛ ቢላ ሲቆርጠን በቡና አይደል ያደግነው። ባይሆን ማር ቀቢው፣ ንፁህ የጎጃም ማር

ነርስ ከሰበታ፦
እናቴ፣ ጣት ቢቆረጥና ማህፀን ድረስ የተከፈተ ሆድ አንድ አይደለም። የገበያ ማርም ቢሆን ቁስል ላይ የሚደረገው በፋብሪካ ከጀርም የፀዳው ዓይነት አይደለም። የቱሉዲምቱዋ፣ ቶሎ መልሽልኝ፦ ትኩሳት አላት? ይሸታል? ዙሪያው ቀልቶ ይሞቃል? መቀነት አጥብቃችሁ አስራችኋታል? ከባድ ነገር አንስታለች?

የላብራቶሪው፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ከላይ ቆዳው ከገጠመ ዳነ ይላል፣ ውስጡ ግን ገና ነው። የተቆረጠ ቆዳ በመጀመሪያው ሳምንት ከድሮ ጥንካሬው ያለው ከ5 በመቶ በታች ነው፣ በሦስተኛው ሳምንት 20 በመቶ አካባቢ ቢደርስ ነው፣ ከሦስት ወር በኋላ እንኳ 80 በመቶ ገደማ ላይ ይቆማል እንጂ እንደ ድሮው አይሆንም። ሰውነት መጀመሪያ ደሙን ያቆማል፣ ከዛ ቁስሉን ያፀዳዋል፣ ከዛ ኮላጅን የሚባለውን ቆዳ የሚያጠነክር ፕሮቲን እየሠራ ይሞላዋል፣ ከዛ ደግሞ የሠራውን እያስተካከለ ዓመትም ከዛ በላይም ይቆያል። ስለዚህ በሁለት ሳምንት የጠባሳ ቅባት ብሎ ነገር የለም፣ ጠባሳ ገና አልሆነማ! ቁስል ነው።

የቱሉዲምቱዋ፦
ቴርሞሜትር የለንም፣ ሰውነቷ ግን ሞቅ ይላል። ሽታ የለውም፣ ትንሽ ቀላ ብሏል። መቀነት አለ፣ አማቷ ሆዷ ትልቅ ሆኖ እንዳይቀር ብለው ነው። ከባድ ነገር... ትናንት ማታ ውሃ መጣች ሲባል እኔ ታች እየቀዳሁ እሷ ደጅ ያስቀመጥኩትን ጀሪካን አንስታ አስገብታለች፣ 20 ሊትሩን። አራተኛ ፎቅ ነን

ማር ብቻ፦
እኔም ማር ቀቢው እላለሁ

ነርስ ከሰበታ፦
በቃ ዛሬውኑ ውጡ፣ ለነገ አይባልም። ወይ የወለደችበት፣ እሱ ከራቀ ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ። የሚወጣው ከቆዳው ስር የተጠራቀመ ፈሳሽ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ብዙም አያስፈራም፣ ግን የውስጡ ስፌት እንደያዘ በእጁ አይቶ የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልጋል፣ በፎቶ አይታወቅም። እስክትወጡ ድረስ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ንፁህ ደረቅ ጎዝ አድርጊበት፣ ዳር ዳሩን በፕላስተር ያዥው፣ መቀነቱን ፍቺው። አልኮል የለም፣ አረፋ የሚያወጣውም መድኃኒት የለም፣ ሁለቱም የሚበቅለውን አዲስ ሥጋ ያቃጥላሉ። ቅባቱን አስቀምጪው። መግል ካየሽ፣ ብርድ ብርድ ካላት፣ ቅላቱ ከሰፋ፣ ወይ ድንገት ብዙ ፈሳሽ ዱብ ካለ ጤና ጣቢያ ሳትይ ቀጥታ ሆስፒታል፣ መኪና ካጣችሁ 907 ደውሉ። የመውጫ ወረቀቷን እንዳትረሺ።

ሀቀኛው፦
መጀመሪያውኑ ለምን ኦፕራሲዮን ሆነች፣ የድሮ እናቶች

አባ መላ፦
ወንድሜ ሌላ ቀን። ልጅቷ ጭንቅ ላይ ናት።

ባለ ባጃጅ፦
እኔ እዛው ቱሉ ዲምቱ ነው የምሠራው። በዚህ ሰዓት ታክሲ አትጠብቁ፣ ባጃጅ ያዙና ሹፌሩን አራስ ናት ቀስ በል በሉት፣ ኮረኮንቹ ላይ እንዳይሮጥ። ትራስ ይዛ ትውጣ፣ ጉድጓድ ላይ ስትደርሱና ስታስል ትራሱን ሆዷ ላይ ጫን አድርጋ ትያዘው። ሚስቴን እንደዛ ነው ያመላለስኳት፣ ህመሙን በጣም ነው የቀነሰላት።

የቱሉዲምቱዋ፦
እየወጣን ነው። እማማ ምች ይመታታል ብለው ተቆጥተዋል፣ በጋቢ ሸፍነናታል። ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ፣ ቅባቱስ ይጣል ወይ? ውድ ነው

ነርስ ከሰበታ፦
አይጣልም። ሲሊኮን ያለው ከሆነ ጥሩ ነው፣ ግን ቆዳው ሙሉ በሙሉ ከገጠመና ምንም ካላመነጨ በኋላ ነው የሚጀመረው። በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ቆዳው ላይ መቆየት አለበት፣ ቢያንስ ለሁለት ሦስት ወር፣ አንድ ሳምንት ቀብቶ መተው ብር ማባከን ነው። ቫይታሚን ኢ ካለሽ አትድከሚበት፣ ለጠባሳ ሲጠቅም አልታየም፣ አንዳንድ ሰው ላይም ሽፍታ ያወጣል። ጠባሳውን በጣት ማሸቱን ከ6 ሳምንቱ ቀጠሮ በኋላ ሐኪሙ እሺ ሲላት ትጀምር። አማትየውን አትጣያቸው፣ ገንፎውን ይቀጥሉ፣ ቁስል ያለ ምግብ አይሽርም። ገላ መታጠቡንም አይከልክሉ! ውሃ ላዩ ላይ ቢፈስ ችግር የለውም፣ መዘፍዘፍ ነው የማይሆነው፣ ከዛ በንፁህ ፎጣ ጠብ ጠብ አድርጎ ማድረቅ። ጀሪካን ግን አትንካ፣ ለ6 ሳምንት ከልጇ የከበደ ነገር አታንሳ።

የለገጣፎዋ፦
ይቅርታ ጥያቄውን ልጥለፍና፣ የኔ ጠባሳ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ግን አብጦ ያሳክከኛል፣ ከመስመሩም ወጥቶ እየሰፋ ነው። በኦፕራሲዮን ላስቆርጠው?

የላብራቶሪው፦
ከመስመሩ ከወጣ ኬሎይድ ይመስላል፣ በመስመሩ ውስጥ ሆኖ ካበጠ ሌላ ነው፣ እሱ ከጊዜ ጋር ሊቀንስ ይችላል። ኬሎይድን ብቻውን ማስቆረጥ አይመከርም፣ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፣ ከበፊቱም ብሶ። አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ሂጂና ይዩሽ፣ እብጠቱ ውስጥ የሚወጋ ስቴሮይድ የሚባል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት አለ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እየቆየ ነው የሚደጋገመው።

የለገጣፎዋ፦
መርፌው ያማል?

የላብራቶሪው፦
ያማል፣ አልዋሽሽም፣ ግን ማደንዘዣ ጨምረው እንዲወጉሽ ጠይቂያቸው። ጠዋት በጊዜ ሂጂ፣ ሰልፍ አለው።