ቦንቪል፦ አሮጌው ወይስ አዲሱ?

ጥያቄ፦
ወገኖች፣ ሞተር ሳይክል ልገዛ ነው። ከትራያምፍ ቦንቪል ሌላ ዓይኔን የሚሞላው የለም። የ1960ዎቹን (እ.ኤ.አ.) ልፈልግ ወይስ አዲሱን ቲ120? የነዳችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦
ወንድሜ፣ ሁለቱም አሉኝ። መልካቸው አያታልልህ። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ቲ120፣ 650 ሲሲ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ 1200 ሲሲ ሆኖ በውሃ ይቀዘቅዛል። ጎኑ ላይ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) የሚመስለው ነገር ውስጡ ኢንጄክሽን (ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ) ነው፤ አማል የሚባለውን የድሮውን ካርቡሬተር አስመስለው ሠርተውታል። ይህን ጥንቃቄያቸውን በጣም እወደዋለሁ!

አሮጌው ግን ሌላ ዓለም ነው። ቤንዚኑን ትከፍታለህ፣ የካርቡሬተሩን ፒን ቤንዚን ጣትህን እስኪያርሰው ትጫናለህ፣ ከዚያ ረግጠህ ታስነሳለህ። ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ ንዝረቱ እስከ ክርንህ ይደርሳል። አዲሱ ክራንኩ (ፒስተኖቹ የተያያዙበት ዘንግ) 270 ዲግሪ ስለሆነ ፒስተኖቹ አብረው አይወጡም፤ ስለዚህ ድምፁ ወፈር ያለ፣ አነዳዱ ለስላሳ ነው።

ሌላ መልስ፦
ስለ እግሩም ንገረው እንጂ! የ1960ዎቹ ማርሹ በቀኝ፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ ነው፤ የአዲሱ ተገላቢጦሽ።

ጠያቂው፦
ለካ! በየቀኑ ሥራ የምሄድበት ነው፤ ዝናብም አለ።

መልስ፦
እንግዲያው አዲሱን ግዛ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ) አለው፣ ዘይትም አያንጠባጥብም። አሮጌውን መፍቻ መያዝ ደስ ሲልህ ትገዛዋለህ።