በስልክ ያከመ ዶክተር ሲሳሳት ማነው የሚጠየቀው?

የወሎዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ሕግ የምታውቁ ወይም እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ እርዱኝ።

ወንድሜ ደሴ ነው የሚኖረው። ሆዱን ሲያመው፣ ሥራ ትቼ ሐኪም ቤት ስሰለፍ ከምውል ብሎ በአንድ የሕክምና መተግበሪያ ዶክተር አናገረ። በቴሌብር ከፈለ። ዶክተሩ በቪዲዮ ትንሽ ጠያየቀውና «ጨጓራ ነው» ብሎ ኦሜፕራዞልና ማስታገሻ ጽፎ ላከለት። በቃ፣ ሌላ ምንም አላለውም። ማስታገሻው ሕመሙን ስላለዘበለት እሱም ችላ አለው። በሦስተኛው ቀን እየተንቀጠቀጠ ተሸክመው ሆስፒታል ወሰዱት። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሆዱ ውስጥ መግል ሞልቷል። ኦፕራሲዮን ተደርጎ ተረፈ፣ ተመስገን። ግን ቁስሉ አመርቅዞ እንደገና ተከፈተ፣ ረጅም ጊዜ ተኛ፣ የቀን ሠራተኛ ስለሆነ ገቢውም በዚያው ቆመ።

ድርጅቱ ጋ ስንደውል «እኛ አገናኝ ነን፣ ዶክተሩ ተቀጣሪያችን አይደለም» አሉን። ዶክተሩ ስልክ አያነሳም። ወንድሜ ሲመዘገብ ደግሞ «ለሚሰጠው ምክር ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም» የሚል ነገር ላይ «እስማማለሁ» ብሎ ነክቷል፤ ማን ያነበዋል ያንን! እና ማነው የሚጠየቀው? ዶክተሩ አዲስ አበባ፣ ወንድሜ ደሴ፣ የት ነው የሚከሰሱት? ወይስ ይቅርብን?

አቤል

እህቴ፣ ልጁ ተርፏል፣ እሱን ይዛችሁ አመስግኑ። ሐኪም ከሶ ያሸነፈ ሰው እኔ አላየሁም። ለፍርድ ቤት ምልልስ የምታወጡትን ብር ለምግቡ አውሉለት።

ጠበቃው ከልደታ

አቤል፣ ማመስገኑና መጠየቁ አይጣሉም።

የወሎዋ፣ ሰነዱን ሳላይ ነው የምጽፈውና እንደ መነሻ ያዢው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ነው፤ ያኔ የቪዲዮ ሕክምና የሚባል ነገር አልነበረም። ሚዛኑ ግን ለዚህም ይሠራል። አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ አክብሮ መሥራት አለበት ይላል፤ ግዴታውን ባለማወቅ ወይም በቸልተኝነት ደንቡን ከጣሰና ጉዳት ካደረሰ ይጠየቃል። በአካልም በስልክም ያው ነው። ዶክተሩ «እኔ ምክር ብቻ ነው የሰጠሁት» ካለ፣ መድኃኒት ስም ጠርቶ ካዘዘ በኋላ ይህን ማሳመን ይከብደዋል።

ዋናው ክርክር የሚሆነው ከድርጅቱ ጋር ነው። አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ላጠፋው ይጠየቃል፤ ይሄ አንቀጽ 2130 ነው። አንቀጽ 2134 ደግሞ በሥልጣንህ ሥር ላልሆነና ራሱን ችሎ ለሚሠራ ሰው ጥፋት አትጠየቅም ይላል። «አገናኝ ነን» ሲሏችሁ የተደገፉት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤት ማየት ያለበት የወረቀቱን ስም ሳይሆን አሠራሩን ነው። ዋጋውን የሚተምነው ማነው? ዶክተሩን የመደበለት ማነው፣ ወንድምሽ መርጦት ነው ወይስ መተግበሪያው ያመጣለት? ስንት ደቂቃ እንዲያናግር የወሰነውስ? የቴሌብሩ ደረሰኝ ላይ የማን ስም አለ? ብሩን ተቀብሎ፣ ሐኪሙን መድቦ፣ ሰዓቱን ቆጥሮ፣ ጥፋት ሲመጣ «ደላላ ነኝ» ማለት በእኔ እምነት አያስኬድም።

«እስማማለሁ» የሚለውን አትፍሪው። ድርጅቱን ነው የሚጠቅሰው፣ የዶክተሩን የራሱን ጥፋት አይሰርዝለትም።

ጊዜውን ግን ፍሪ። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፣ አንቀጽ 2143። ከውል የሚነሣ ነው ብሎ የ10 ዓመቱን ይርጋ፣ ማለትም የክስ ጊዜ ገደብ፣ ለመያዝ የሚሞክር አለ፤ እኔ በዚያ ተማምኜ አልተኛም።

ቦታውን በሚመለከት፣ ጉዳቱ በደረሰበትም ተከሳሹ ባለበትም መክሰስ ይቻላል። ተከራካሪዎቹ በተለያየ ክልል የሚኖሩ ስለሆነ ጉዳዩ የፌደራል ነው ሊባል ይችላል፤ ያኔም ቢሆን የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርበው ስለያዙ የግድ አዲስ አበባ መመላለስ የለባችሁም።

ጂፒ ነኝ

እኔ በስልክም በአካልም የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፣ ትንሽ ልጨምር። ጀማሪ ትርፍ አንጀት ሐኪም ፊት ተቀምጦም ያታልላል። መጀመሪያ እምብርት አካባቢ ስለሚያም ጨጓራ ይመስላል። ስለዚህ ምርመራው ስለተሳሳተ ብቻ ዶክተሩ ጥፋተኛ ነው አልልም፤ እንዲያ ከሆነማ ማናችንም ሥራ አንገባም።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። በቪዲዮ ሆድ መዳሰስ አይቻልም። ይህን እያወቀ ለምን «ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሄደህ ሆድህ ይታይ» አላለውም? እንዲህ ያለ ሕመም ሲነገረን የምንጠይቀው የታወቀ ነው፤ ሕመሙ ወደ ታች ወደ ቀኝ ዞሯል ወይ፣ ምግብ አስጠልቶሃል ወይ፣ ያስመልስሃል፣ ትኩሳት አለህ፣ ስትራመድ ወይም ስታስል ይብስብሃል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ አዎ ከሆነ በስልክ የሚያልቅ ነገር የለም። ምንም ባይኖር እንኳ «ትኩሳት ከመጣ፣ ሕመሙ ቦታ ከቀየረ፣ ሳታድር ሂድ» ተብሎ ይነገራል፣ መነገሩም ይመዘገባል። በተለይ ማስታገሻ ካዘዝክ! ሕመሙን አደብዝዘህ ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ መዝጋት ነው እኔን ያናደደኝ።

ለሥነ ምግባር ኮሚቴም አመልክቱ። የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ በፌደራልም በክልልም አለ፤ ካርዱን አስቀርቦ፣ ባለሙያውን ጠይቆ፣ ስህተት አለ የለም ይላል። ካሳ አይሰጥም፣ ፈቃድ ላይ እርምጃ እንዲወሰድ ግን ያደርጋል። ፖሊስም ፍርድ ቤትም የእነሱን የሙያ አስተያየት ይጠይቃሉ። ድርጅቱ ራሱ ለሕክምና አገልግሎት ፈቃድ አለው ወይ የሚለውንም የአዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ጠይቁ። «አገናኝ» የሚለው ነገር እዚያ ጥሩ ጥያቄ ይነሣበታል።

የሜሪላንዷ

እዚህ አሜሪካ በቪዲዮ ሐኪም ስናገኝ መጀመሪያ የሚጠይቁን «አሁን የት ነሽ?» ነው። ሐኪሙ ፈቃድ ሊኖረው የሚገባው በሽተኛው በተቀመጠበት ስቴት ነው። የሜሪላንድ ፈቃድ ብቻ ያለው ዶክተር እኔ ወንዙን ተሻግሬ ቨርጂኒያ እህቴ ቤት ብሆን ቀጠሮውን ይሰርዘዋል። የይርጋው ጊዜም እንደ ስቴቱ ነው፤ ቨርጂኒያ በአብዛኛው 2 ዓመት፣ ሜሪላንድ ጉዳቱ ከታወቀ 3 ወይም ከደረሰ 5፣ ቀድሞ የሞላው። ስለዚህ እዚህ ያላችሁ አንባቢዎች «ዶክተሩ የትም ይሁን፣ እኔ የት ነበርኩ?» ብላችሁ ጻፉት።

የአክስቴ ልጅ ሐኪም ነው፣ አገር ቤት ያለው ዘመድ ሁሉ በቴሌግራም ቁስሉን ፎቶ አንስቶ ይልክለታል። «ሐኪም ቤት ሂዱ» ብቻ ነው የሚላቸው። ሁሉም ተቀይመውታል፣ እኔም ጭምር። ጂፒ ነኝ የጻፈውን ሳነብ ገባኝ።

የወሎዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጂፒ፣ የጠየቅከውን ወንድሜን ጠየቅኩት። ከቪዲዮው በፊት መተግበሪያው ላይ ምልክቱን ጻፍ ሲለው «ከትናንት ጀምሮ እምብርቴን፣ አሁን ወደ ቀኝ ወርዷል፣ ምግብ አልበላም» ብሎ ጽፏል። አሁንም ስልኩ ላይ ይታያል! ዶክተሩ አላነበበውም ማለት ነው?

ጂፒ ነኝ

አንብቦም ይሁን ሳያነብ፣ ሁለቱም መልስ ያስፈልጋቸዋል።

ጠበቃው ከልደታ

የወሎዋ፣ ሌላውን ሁሉ ተዪና ዛሬ ያንን ገጽ ፎቶ አንሡት፤ ቀንና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ። መተግበሪያውን እንዳያጠፋው፣ ስልኩንም እንዳይቀይር ንገሪው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁ፣ 1205/2012፣ የኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል፤ «ስክሪን ላይ ያለ ነገር ማስረጃ አይሆንም» የሚላችሁ ካለ አትስሙት።

ቀጥሎ ወንድምሽ በራሱ ስም ለድርጅቱ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የጻፈው ምልክት፣ የዶክተሩ ማስታወሻ፣ የታዘዘለት መድኃኒት፣ የጥሪው ሰዓትና ርዝመት ይሰጠኝ ይበል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ፣ 1321/2016፣ ስለራሱ የተያዘን መረጃ የማየት መብት ይሰጠዋል። እንቢ ካሉ እንቢታውን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ክሱ ሲከፈት ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብ ይጠየቃል።

የወሎዋ

እኔ ልከታተልለት እችላለሁ? እሱ ገና መቆም ይከብደዋል።

ጠበቃው ከልደታ

ትችያለሽ፣ ግን ተበዳዩ እሱ ስለሆነ ክሱ በእሱ ስም ነው የሚሆነው፤ ውክልና ይስጥሽ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ። ከሆስፒታሉ ደግሞ የኦፕራሲዮኑን ማስታወሻ ኮፒ ውሰዱ። «ፈንድቷል፣ መግል ተገኝቷል» የሚለው እዚያ ነው ያለው። የመድኃኒት፣ የታክሲ፣ የአልጋ ደረሰኙን አንዱንም አትጣሉ። ለቀን ሥራው ደመወዝ የሚያሳይ ወረቀት አይኖረውም፤ ስለዚህ አሠሪው ወይም አብረውት የሚሠሩ ሁለት ሰዎች በቀን ስንት ያገኝ እንደነበር ይመሰክሩለት፣ ስማቸውን አሁኑኑ ያዢ፤ የቀን ሠራተኛ ሳይት ሲያልቅ ይበተናል።