ሲቲ ሆል የሚባለው የኒውዮርክ ጣቢያ ለምን ተዘጋ?

የማራኪ ልጅ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ግንቡን ለማየት ጎንደር የሚመጡ እንግዶች ስለዚህ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ያነሳሉ፤ ቅስቱን ከፋሲል ግንብ ጋር የሚያመሳስሉም አሉ። ጣሪያው ተንዶ ነው የተዘጋው የሚባለው እውነት ነው?

ሐዲድ፦ አልተናደም ወንድሜ። ያዘጋው ኩርባው ነው። ኦክቶበር 27፣ 1904 ሲከፈት (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የመጀመሪያው መስመር ደቡባዊ ጫፍ ነበር። መሳፈሪያው የተሠራው ባቡሩ ዞሮ በሚመለስበት ጠባብ ቀለበት ላይ፣ ለአምስት ፉርጎ ነው። ፉርጎ አይታጠፍም፤ በኩርባው ውጨኛ ጠርዝ ሲቆም ጫፎቹ መሳፈሪያውን ሲጠጉ ወገቡ ይርቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ርዝመቱን በራሱ አባዙ፣ ለስምንት እጥፍ ሬዲየስ አካፍሉ። 15 ሜትር ፉርጎ 50 ሜትር ሬዲየስ ባለው ኩርባ ላይ ቢቆም 225 ለ400፣ ማለትም 56 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍተት ይተዋል። ሰው ይውጣል! የድሮዎቹ በሮች ጫፍና ጫፍ ስለነበሩ ችግር አልነበረም። መሀል ላይ በር ያላቸው ፉርጎዎች ሲመጡ፣ ባቡሩም ሲረዝም ነገር ተበላሸ። ዲሴምበር 31፣ 1945 ተዘጋ።

ቀሓ ማዶ፦ ክፍተቱን የሚሞላ ተንቀሳቃሽ ብረት አይገጠምም ነበር? ዩኒየን ስኩዌር የሚባለው ሌላው ጣቢያ ላይ አለ እኮ።

ሐዲድ፦ ይገጠማል፤ ግን ለማን? ፈጣኑም ባቡር የሚቆምበት ብሩክሊን ብሪጅ የሚባለው ጣቢያ አፍንጫው ሥር ነው። መጨረሻ ላይ ሲቲ ሆልን የሚጠቀመው በቀን 600 ሰው ያህል ነበር።

ግንበኛ፦ ስለ ቅስቱ፣ መልክ እንጂ አሠራር አይገናኙም። የፋሲል ግንብ ወፍራም ድንጋይ በኖራ የተያያዘበት ነው፤ የሚቆመው በክብደቱ ነው። የሲቲ ሆሉ ጓስታቪኖ በሚባል ግንበኛ ስም የሚጠራው የቅስት አሠራር ነው፦ ስስ የሸክላ ጡብ በጀርባው ተኝቶ ይደረደራል። የመጀመሪያው ንብር ቶሎ በሚደርቅ ጀሶ፣ ከላይ ያሉት በሲሚንቶ፣ መጋጠሚያዎቹ እንዳይገጣጠሙ እየተዛነፉ። ጀሶው ቶሎ ስለሚይዝ ከሥር ብዙ የእንጨት ድጋፍ አይፈልግም። ይህን ዘዴ ለግንቡ ጥገና እንዳታስቡት፤ በኖራ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ሲለጠፍ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ድንጋዩን ይልጠዋል።

የማራኪ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ይታያል?

ሐዲድ፦ 6 ቁጥር ባቡር አሁንም በዚያው ቀለበት ዞሮ ይመለሳል፣ አይቆምም እንጂ። ወርዶ ማየት የሚቻለው የትራንዚት ሙዚየሙ ለአባላቱ በሚያዘጋጀው ጉብኝት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጣሪያው መስታወት ብርሃን እንዳያወጣ ሬንጅ ተቀብቶ ነበር፤ ስትገቡ ቀና በሉ።