በጦርነት ጊዜ የወራሪ አገር ሙዚቃ ይሰማ ወይስ ይታገድ?

ጥያቄው፦ ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2022 ዩክሬንን ከወረረች በኋላ በብሪታንያ የካርዲፍ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ የሩሲያዊውን የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሙዚቃ ደራሲ የቻይኮቭስኪን «1812» የተባለ ሥራ ከዝግጅቱ ሰርዟል። ሥራው ሩሲያ ናፖሊዮንን ድል መንሳቷን የሚዘክርና መድፍ የሚተኮስበት ነው። ውሳኔው ተገቢ ነበር?

የመጀመሪያው ተከራካሪ፦ ነበር። ከተሞች በሩሲያ መድፍ በሚደበደቡበት ወቅት የሩሲያን ድል በመድፍ ድምፅ የሚያወድስ ሙዚቃ ማሰማት፣ ክፋት ባይታሰብበት እንኳ ሐዘንተኛን ማቁሰል ነው። ኦርኬስትራው የሰረዘው አንድ ሥራ እንጂ የአንድን ሕዝብ ሙዚቃ አይደለም።

ሁለተኛዋ ተከራካሪ፦ ዛሬ አንድ ሥራ ነው፤ ነገስ? በአንደኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ውስጥ በጀርመን ሙዚቃ ላይ የተነሣው ቁጣ የቦስተን ሲምፎኒ መሪ የነበረውን ካርል ሙክን በ1918 እስከ ማሳሰር ደርሷል። በሁለተኛው ጦርነት ግን ለንደን በቦምብ ስትደበደብ፣ ፒያኒስቷ ማይራ ሄስ ሥዕሎቹ በሸሹበት የናሽናል ጋለሪ የሥዕል ሙዚየም አዳራሽ ባዘጋጀቻቸው የቀትር ኮንሰርቶች የጀርመኖቹ የባክና የቤትሆቨን ሥራዎች ይሰሙ ነበር። ቢቢሲ ጭራሽ የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ መክፈቻ፣ ምቱ በሞርስ (በአጭርና ረጅም ድምፅ መልእክት በሚተላለፍበት የቴሌግራፍ ፊደል) «ድል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የሚጀምርበትን የ«ቪ» ፊደል ስለሚሰጥ፣ ናዚዎች ወደያዙት አውሮፓ በሚያሰራጨው ፕሮግራም የድል ምልክት አደረገው። ጀርመኖችን በገዛ ሙዚቃቸው ተዋጋቸው ማለት ነው።

ሦስተኛው ተከራካሪ፦ ሁለታችሁም የተሟገታችሁት ራሳቸውን መከላከል ስለማይችሉ ሙታን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በሕይወት ያለው ነው። ሩሲያዊው የኦርኬስትራ መሪ ቫለሪ ጌርጊየቭ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 የሩሲያ ጦር በሶሪያ እየተዋጋ ሳለ በዚያው አገር ባለችው ጥንታዊት ከተማ በፓልሚራ ፍርስራሽ መካከል ኦርኬስትራውን ሲመራ፣ ፑቲን በቪዲዮ ንግግር አድርገዋል፤ እዚያ ላይ ሙዚቃው የዘመቻው አካል ነበር። ስለዚህ የሙኒክ ከንቲባ ወረራውን እንዲያወግዝ ቀነ ገደብ ሰጥተውት ዝም በማለቱ ይመራው ከነበረው የሙኒክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ መሰናበቱን አልቃወምም። ይህን መለኪያ ግን በማንኛውም የሩሲያ ፓስፖርት በያዘ ወጣት ቫዮሊን ተጫዋች ላይ መጫን፣ ያውም ጦሩን መተቸት በእስር በሚያስቀጣበት አገር ቤተሰብ እያለው፣ ፍትሕ አይመስለኝም። በጥይት መካከል ያለችው ዩክሬን ራሷ በ2022 ያወጣችው ሕግ የሚያግደው ከ1991 ወዲህ የሩሲያ ዜግነት የነበራቸውን ሙዚቀኞች ሲሆን፣ ወረራውን ያወገዙትን ነጻ ያወጣል፤ ቻይኮቭስኪን አይነካም።

የመጀመሪያው ተከራካሪ፦ ሕጉ ባይነካውም፣ የዩክሬን የባህል ሚኒስትር በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ላይ አጋሮቻቸው ጦርነቱ እስኪያበቃ ቻይኮቭስኪን እንዲያቆዩት በይፋ ጠይቀዋል። የተበደለው ወገን «ለጊዜው አቆዩልኝ» ሲል እምቢ ለማለት፣ ከጥበብ ነጻነት ሌላ ምክንያት ያለው ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።