የማሠልጠኛ ሪአክተር ለወሎ፦ ይገንባ ወይስ ይቆይ?

የመወያያው ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ከተፈራረመች ወዲህ፣ ባለሙያው ከየት ይመጣል የሚለው ነገር እያነጋገረ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በኮምቦልቻ ግቢው አነስተኛ የማሠልጠኛ ሪአክተር (አቶሞችን በቁጥጥር ሥር የሚከፍል መሣሪያ) እንዲኖረው ትደግፋላችሁ?

የፊዚክስ መምህር፣ ደሴ፦ እደግፋለሁ። ሪአክተር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቼርኖቢልን ነው። ነገር ግን የአንድ ትልቅ ማመንጫ ሪአክተር ሙቀት 3,000 ሜጋ ዋት አካባቢ ሲሆን፣ በአሜሪካ ፖርትላንድ የሚገኘው ሪድ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የሚያስተምርበት ትሪጋ የተባለው ሪአክተር 250 ኪሎ ዋት ብቻ ነው፤ የሚያንቀሳቅሱትም በአብዛኛው ፈቃድ ያገኙ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። ነዳጁ ዩራኒየምን ከዚርኮኒየምና ከሃይድሮጂን ጋር አዋሕዶ የተሠራ በመሆኑ፣ ሲግል ሃይድሮጂኑ ኒውትሮኖችን (አቶሞችን የሚከፍሉትን ቅንጣቶች፤ ሲዘገዩ ይበልጥ ይከፍላሉ) የማዘግየት ችሎታው ይቀንስና ኃይሉ የሰው እጅ ሳይነካው ይወርዳል። ይህን በሰሌዳ ላይ በቀመር ያየ ተማሪና የመቆጣጠሪያውን ዘንግ ራሱ አንቀሳቅሶ ያየ ተማሪ እኩል አይማሩም። በናይጄሪያ ዛሪያ የሚገኘው አሕመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በ30 ኪሎ ዋት ሪአክተር የአፈርና የማዕድን ናሙናዎችን ይመረምራል። እኛስ ምን ያንሰናል?

የጂኦሎጂ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦ መምህር፣ ስለ ማሽኑ ያቀረቡትን እቀበላለሁ፤ የእኔ ጥያቄ ስለ መሬቱ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው በአፋር ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ያፈራረሰው ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው። የቦታ ጥናቱ ሳያልቅ ግቢ መምረጥ ተገቢ አይደለም።

የኬሚስትሪ ተመራቂ፣ ሐይቅ፦ እኔ የምፈራው ጥበቃውን ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ዩኒቨርሲቲያችን እንዴት እንደተዘረፈና እንደወደመ ሁላችንም እናውቃለን። በኮንጎ ካለው የኪንሻሳ ሪአክተር ከጠፉት ሁለት የነዳጅ ዘንጎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1998 ጣሊያን ውስጥ ተገኝቷል። ማይክሮስኮፕ ቢዘረፍ በገንዘብ ይተካል፤ የኒውክሌር ነዳጅ ቢዘረፍ ግን ምን እናደርጋለን?

የፊዚክስ መምህር፣ ደሴ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ተገቢ ነው፤ የዛሪያው ሪአክተርም እ.ኤ.አ. በ2018 እጅግ የበለጸገ (ለጦር መሣሪያ ሊውል የሚችል) ነዳጁን ዝቅተኛ ብልጽግና ባለው የለወጠው የስርቆትን አደጋ ለመቀነስ ታስቦ ነው። ስለዚህ ድጋፌን ሳልተው ቅደም ተከተል ላስቀምጥ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በሞሮኮ ያለውን ሪአክተር በኢንተርኔት ከሌሎች አገሮች የመማሪያ ክፍሎች ጋር ያገናኛል። ተማሪዎች የመለኪያዎቹን ንባብ በቀጥታ እየተከታተሉ ሙከራውን ከሚያካሂዱት ባለሙያዎች ጋር ይነጋገራሉ። ከዚህ እንጀምር፤ ለዚህ ነዳጅም፣ ዘብም አያስፈልግም። በጎን ደግሞ የጨረር መለኪያና የጨረር ደኅንነት ትምህርት በቋሚነት ይሰጥ። ሪአክተሩ የሚመጣው እነዚህን ኮርሶች ራሳቸው የሚያስተምሩ መምህራን ካፈራን በኋላ ነው።

የጂኦሎጂ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦ በዚህ ቅደም ተከተል እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይጨመርበት። የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ጣቢያዎች በኮምቦልቻና በከሚሴ መካከል ከአሁኑ ይተከሉና ውጤታቸው ለሕዝብ ይገለጽ፤ ተማሪዎቹ በኢንተርኔት ሲማሩ በሚያልፉት ዓመታት የእኛም መረጃ ይጠራቀማል።