በጥምቀት የማነሳቸው ሰዎች ፊት ለምን ይጠቁራል?

የአራዳዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ፎቶ የማነሳው ለፍቅሩ ነው፤ እንጀራዬ ሌላ ነው። ካኖን 2000ዲ አለኝ፣ ሌንሱ አብሮት የመጣው 18-55 ሚሊሜትር ነው።

ሦስት ነገር ያስቸግረኛል። ዋናው የጥምቀት ፎቶ ነው። ነጠላ የለበሱ ሰዎችን ሳነሳ ነጠላው ያምራል፣ ፊታቸው ግን ይጠቁራል። ፊቱን ላብራ ስል ደግሞ ነጠላው ባዶ ነጭ ሆኖ ጥለቱ ይጠፋል። ሁለተኛው እዚሁ ጎንደር ያለው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣራው ላይ ያሉት መላእክት ሁልጊዜ ይደበዝዙብኛል። ሦስተኛው ፋሲል ግንብ ነው፤ በዓይን ሲያዩት ያለው ግርማ ፎቶው ላይ የለም።

50 ሚሊሜትር ሌንስ ግዢ የሚሉኝ አሉ። ብሩን ከማውጣቴ በፊት የምታውቁትን ንገሩኝ። ጥር ሳይገባ መለማመድ እፈልጋለሁ።

ባለስቱዲዮው፦
ልጄ፣ ከፊቱ ልጀምር። ካሜራ የሚያየው ነገር ነጠላ ይሁን ከሰል አያውቅም። ፊቱ የተደቀነውን ሁሉ አማካይ ግራጫ አድርጎ ሊያወጣው ይሞክራል። ፍሬሙ በነጭ ሲሞላ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል። ሲቀንስ ደግሞ ከነጠላው ብቻ አይደለም፣ ከፊቱም ላይ ነው። ጠይም ፊት መጀመሪያውኑ ከነጭ ጨርቅ ያነሰ ብርሃን ስለሚመልስ ጭራሽ ይሰምጣል።

ሰውየው ነጠላውን ከተከናነበ ይብሳል። ጨርቁ ፀሐይ ላይ ነው፣ ፊቱ ግን የጨርቁ ጥላ ውስጥ ነው። ይኼን ያህል የተራራቀ ብርሃን በአንድ ፎቶ ውስጥ ማስማማት ለማንኛውም ካሜራ ከባድ ነው። ስለዚህ ካሜራውን ከመነካካትሽ በፊት ቦታውን ምረጪ። ሰውየውን ወደ ጥላ አምጪው። ጥላ ስልሽ ጨለማ ማለቴ አይደለም። ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ ከፊት ለፊቱ ግን ሰማይ የሚታይበት ቦታ ነው። የግንብ ጥግ፣ የበር አፍ፣ የዋርካ ሥር። እዚያ ነጠላውና ፊቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን እኩል ይሆናል።

ነጠላው ራሱም ይረዳሻል። ደረት ላይ የተዘረጋ ነጭ ጨርቅ ከታች ወደ አገጭና ወደ ዓይን ብርሃን ይመልሳል። ከጎን አንድ ሰው ጋቢ ዘርግቶ ቢቆምልሽ ደግሞ ልዩነቱን ወዲያው ታይዋለሽ። ለዚህ ሥራ ነጭ ጨርቅ በቂ ነው፤ የስቱዲዮ ጃንጥላና መብራት አያስፈልግሽም።

ለልምምድ ጥምቀትን አትጠብቂ። ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ፣ ሰው በሩ አጠገብ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ይቀመጥ። ከኋላው የቤቱ ጨለማ፣ ከፊቱ የደጁ ብርሃን። አብዛኛው ቤት ውስጥ ከዚህ የተሻለ ብርሃን አታገኚም።

የማራኪዋ፦
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ የካሜራዋን ልጨምር። ኤቪ ላይ አድርጊያት፤ የሌንሱን መክፈቻ አንቺ ትመርጫለሽ፣ የቀረውን እሷ ታስተካክላለች። ብርሃን አለካኳን ከዋናው ወደ ፓርሻል ቀይሪ፤ መሃሏን ብቻ ትለካለች ማለት ነው። መሃሏን ሰውየው ፊት ላይ አድርጊና የኮከብ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጫኚ። ልኬቱ ይቆለፋል። ከዚያ ፍሬምሽን አስተካክለሽ አንሺ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ፊቱን ብቻ ስትለኪ ካሜራዋ ጠይሙንም ግራጫ ልታደርገው ትሞክራለች። ያኔ ከልክ በላይ ታበራና ነጠላው ይቃጠላል። ስለዚህ ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽኑን (ፎቶውን ማብሪያና ማጨለሚያውን) ከዜሮ ወደታች ሁለት ሦስተኛ ወይም አንድ ስቶፕ አውርጂው፤ አንድ ስቶፕ ማውረድ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው። ጠይም ፊት ጠይም ሆኖ ሲወጣ ነው የሚያምረው።

በሮው (ካሜራዋ ሳትጨምቀው በምታስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሺ። ጄፔግ (የተለመደው የተጨመቀ ፋይል) ላይ የተቃጠለ ጥለት ብዙውን ጊዜ አይመለስም፤ ሮው ግን ትንሽ ይቅር ይላል። ካነሳሽ በኋላ ሂስቶግራም (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳይ ግራፍ) በሚያሳየው ገጽ ላይ እይው። የተቃጠለው ቦታ ብልጭ ድርግም ይላል። ለማስተካከል ዳርክቴብል የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ፣ ጥላውን ብቻ ቀስ አድርጎ ከፍ ያደርግልሻል።

የአዘዞው፦
እኔ 50ውን ግዢ ከሚሉት ነኝ። የአንቺ ሌንስ 55 ላይ በሰፊው ሲከፈት ኤፍ 5.6 ነው፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ መክፈቻው ይሰፋል። 50ው እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል፣ ከስምንት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ቤት ውስጥ፣ ማታ፣ ሻማ ሲበራ ለውጡን ታይዋለሽ። ያገለገለ ከሆነ የስልክ መብራት ከኋላ እያበራሽ ውስጡን እይው። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና ተይው። የጎንደር ክረምት ሌንስ ያሻግታል።

ከደባርቅ፦
ወንድሜ፣ ሌንሱ ጥሩ ነው፣ ለዚህች እህታችን ጥያቄ ግን አይሆንም። የ2000ዲ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ 50ው እንደ 80 ሚሊሜትር አጥብቦ ያያል። የጥምቀት ግርግር ውስጥ ወደኋላ የምታፈገፍጊበት ቦታ የት ይገኛል? ለሥላሴ ጣራም ይጠባል። የያዝሽው ሌንስ 18 ላይ ሰፋ አድርጎ ስለሚያይ ለሁለቱም ይሻላል። 50ውን በኋላ ትገዢዋለሽ።

ለጣራው እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ፍላሽ ክልክል ነው፣ ክልክል መሆኑም ተገቢ ነው፤ ሥዕሉ እንዲቆይ እንፈልጋለን። መጀመሪያ እዚያ ያለውን ዲያቆን ወይም ጠባቂ አስፈቅጂ። ከፈቀዱልሽ ነጠላሽን አጥፈሽ ወለሉ ላይ አንጥፊ፣ ካሜራዋን በጀርባዋ አስተኚያት፣ ሌንሱ ወደ ጣራው ይይ። 18 ላይ፣ ኤፍ 3.5፣ አይኤስኦ (ካሜራዋ ለብርሃን ያላት ስሜት) 800። ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ለካሜራዋ ተይላት። የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውን አብሪና እጅሽን አንሺ። ሹተሩ ግማሽ ሰከንድ ቢቆይ እንኳ የሚነቃነቅ ነገር የለም፤ መላእክቱ ከነዓይናቸው ጥርት ብለው ይወጣሉ። ወለል ላይ ማስቀመጥ ካልተፈቀደ ግድግዳ ተደገፊና አይኤስኦውን ወደ 3200 አውጪው። ትንሽ ፍንጥርጣሪ ከድብዛዜ ይሻላል።

ግንቡን በተመለከተ፣ መልሱ ሰዓት ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትመታው ድንጋዩ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱ ጥላ ይኖረዋል። ክረምት ላይ ዝናቡ እንዳባራ ከሄድሽ ደግሞ የራሰው ድንጋይ ይጠቁራል፣ ከኋላ ደመና አለ። እኔ ከበጋው ይልቅ ያንን እወደዋለሁ። በሩ ሥር አንድ ሰው ሲያልፍም ጠብቂ። ሰው ከሌለበት የግንቡ ትልቅነት አይታወቅም።

የማራኪዋ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ስታነሺ አስፈቅጂ። በተለይ እናቶችንና አባቶችን። ታቦት ሲመጣ መንገድ አትዝጊ። ያነሳሽላቸውን ደግሞ በፖስትካርድ አሳጥበሽ ስጫቸው። በሚቀጥለው ዓመት ራሳቸው ጠርተው አንሺን ይሉሻል። ወረቀት ላይ ሲወጣም ስልክ ላይ ያላየሽው ጉድለት ሁሉ ይታይሻል።

የአራዳዋ (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ አክስቴን በሩ አጠገብ አስቀምጬ፣ በፓርሻል ለክቼ፣ አንድ ስቶፕ አውርጄ አነሳኋት። ፊቷም ጥለቱም ወጣ! ትከሻዋ ላይ ያለው የነጠላው ጠርዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። እሱን ምን ላድርገው? ደግሞ ጋሼ፣ የከተራ ዕለት ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ ማምጣት አይቻልም። የት ልቁም?

ባለስቱዲዮው፦
ጎሽ ልጄ። ጠርዟ ቀጭን ከሆነች ተያት፣ ፊቱን ለእሷ ስትዪ አታጨልሚው። ጥለቱ ላይ ከደረሰች ብቻ አንድ ሦስተኛ ቀንሺ።

የከተራው ጉዞ ከሰዓት በኋላ ነው። ታቦታቱ ከፒያሳ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ፀሐይዋ በስተግራቸው ትሆናለች። አንቺም በእነሱ በስተግራ ቁሚ፣ ፀሐይ ከኋላሽ ትሁን። ያኔ ወደ አንቺ የዞረው ጉንጭ የበራው ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ዝቅ ስለሚል ከነጠላው ክንብንብ ሥርም ይገባል። ሹተሩን ከ1/500 ሰከንድ አታዘግዪው፣ እስክስታና ዝላይ አለ። በማግስቱ ውኃው ሲባረክ ደግሞ ካሜራዋን በፌስታል ሸፍኚያት፣ ሌንሱ ብቻ ይውጣ። የሚረጨው ውኃ ሩቅ ይደርሳል።

ከበዓሉ በፊት በአንዱ ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ መንገዱን በእግርሽ ሂጂበት። ጀርባው የኤሌክትሪክ ሽቦና ማስታወቂያ ያልሆነበትን ቦታ ምረጪና ምልክት ያዢ። በዕለቱ በጊዜ ሄደሽ ካልቆምሽ ግን ቦታውን ሰው ይይዘዋል።