7 ባይት የጠበቅኩት ስትራክት 12 ሆኖብኛል

ሰላም ወገን፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ። በሲ (C) ቋንቋ የጻፍኩት ስትራክት (የተለያዩ ዳታዎችን አንድ ላይ የሚይዝ መዋቅር) ከሴንሰር የሚመጣ ሦስት ነገር ብቻ ነው የያዘው፦ 1 ባይት መለያ፣ 4 ባይት ሰዓት፣ 2 ባይት ሙቀት። በእኔ ሒሳብ 7 ነው። መጠኑን የሚነግረኝ ሳይዝኦፍ (sizeof) ግን 12 ይለኛል! ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ሰዓቱ በ4 የሚካፈል አድራሻ ላይ እንዲያርፍ ብሎ ከመለያው ኋላ 3፣ የስትራክቱንም መጠን በ4 የሚካፈል ለማድረግ ከሙቀቱ ኋላ 2 ባዶ ባይት እንደሚሸጉጥ ገብቶኛል። ሰዓቱን ወደ ፊት፣ መለያውን ወደ መጨረሻ ሳዞር 8 ሆነ። ሴንሰሩ ግን በራሱ ቅደም ተከተል 7 ባይት ነው የሚልከው፤ እሱን መንካት አልችልም።

ስትራክቱን ፓክድ (packed፣ ማለትም ባዶ ባይት አትሸጉጥ) ስለው 7 መጣልኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። የሰዓቱን አድራሻ በፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ በሚይዝ ተለዋዋጭ) ይዤ ሳነብ፣ አድራሻው አሁን በ4 ስለማይካፈል፣ ኮዱ የሚሠራበት ትንሹ ኮርቴክስ ኤም0 ቺፕ ሃርድ ፎልት (ፕሮሰሰሩን የሚያቆም ስህተት) ብሎ ቀጥ ይላል። ላፕቶፔ ላይ ያው ኮድ ጸጥ ብሎ ይሠራል፣ የሚያናድደውም ይሄ ነው። ሰዓቱን በሜምኮፒ (memcpy፣ ባይቶችን የሚቀዳ ፈንክሽን) ወደ ሌላ ተለዋዋጭ ልቅዳው ወይስ ባይት በባይት ልሰብስበው? እናንተ የቱን ትመርጣላችሁ?